የክረምት የሳይንስ ሥልጠናና የሴት ልጆቻችን አማና

(በመስጊዳችን ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የመስጊዳችን ኮሚቴ ስለ ልጆቻችን ትምህርት አንድ ነገር እንድል በጠየቀኝ ጊዜ፣ ትምህርት ጠቃሚ ነው እያልሁ ጊዜያችሁን ላጠፋ አልፈለግሁም። ይህን የሚክድ ሰው በዚህ ጀመዓ ውስጥ የለም። የምንለያየው ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የክረምቱ መድረሳ ይከፈታል፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ሥልጠና ይጠራሉ። ወንድ ልጅ ሲጠራ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ሴት ልጅ ስትጠራ ግን ቤቱ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ አባት ወይም እናት ወደ መስጊድ ይመጡና «ሼኽ፣ ምን ትላላችሁ?» ይላሉ።

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሚመጣው ልጅቱ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ነው። በአገራችን የብዙ ሴት ልጆች መንገድ የሚለየው በዚህ ዕድሜ ነው። አንዷ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ታልፋለች። ሁለተኛዋን፣ ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ አይቻልም እያለ፣ ሽማግሌ ይጠይቃታል። ሦስተኛዋ ዕድሜዋ ተጨምሮ ፓስፖርት ይወጣላትና በቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። ስለዚህ ይህን ነገር የአንድ ክረምት ጉዳይ አድርገን ልናየው አይገባም። ልጅ ከአላህ ዘንድ የተሰጠን አማና ናት፤ ስለ አማናው እንጠየቃለን። ወደ ሥልጠና በመላካችን እንደምንጠየቅ ሁሉ ባለመላካችንም እንጠየቃለን።

ሥልጠናው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የምንፈራው ነገሩን ስለማናውቀው ነውና አስቀድመን እንወቀው።

በአገራችን ይህን ዓይነት ሥልጠና በስፋት ካስጀመሩት ዋናው ስቴም ፓወር የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። «ስቴም» ማለት ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስናና ሒሳብ የሚሉት አራት ቃላት በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የመጀመሪያ ፊደሎቻቸው ስብስብ ነው። የመጀመሪያው ማዕከል በቢሾፍቱ ፎቃ በሚባለው ስፍራ ተከፍቶ፣ ከዚያ በኋላ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር በየክልሉ ተስፋፍቷል። በእኛም ከተማ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ማዕከል ተቋቁሞ የከተማውንና የአካባቢውን ተማሪዎች ሲያሠለጥን ቆይቷል።

ዩኒቨርሲቲው ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ «ፖሊ» የምንለው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ነው። «ፔዳ» የምንለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚህ መስጊድ ሰላት ሰግዶ የሚወጣ ሰው በባጃጅ በጥቂት ደቂቃ ይደርስባቸዋል። መንገዱ ይህን ያህል አጭር ሆኖ ሳለ፣ በልጆቻችንና በዚያ ግቢ መካከል ያለው ርቀት ግን ሲበዛ ረጅም ሆኖ ኖሯል።

በእንዲህ ያለ ሥልጠና ልጆች የሚሠሩትን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ልጅቱ ዘጠኝ ቮልት ያለው ባትሪ፣ ጥቂት ሽቦና አንዲት ትንሽ መብራት ይሰጣታል። መብራቷ የምትፈልገው ሁለት ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ በቀጥታ ብታገናኛት ወዲያው ትቃጠላለች። ስለዚህ ፍሰቱን የሚገታ ሬዚስተር የሚባል ዕቃ በመሐል ማስገባት አለባት። ምን ያህል የሚገታ? ከዘጠኝ ቮልት ሁለቱን ስትቀንስ ሰባት ይቀራል። መብራቷ የምትሸከመው 20 ሚሊ አምፒር ከሆነ፣ ሰባትን ለ0.02 ስታካፍል 350 ኦም ታገኛለች። ይህ በመማሪያ መጽሐፍ የኦም ሕግ ተብሎ የተጻፈው ነው። በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ አይታ የረሳችውን ነገር፣ በእጇ ሠርታ መብራቱ ሲበራ ካየች አትረሳውም። ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የላቦራቶሪ ዕቃ የሌላቸው በመሆኑ፣ ለብዙ ልጅ ይህን የማየት ዕድል የሚገኘው በክረምት ነው።

ከዚህ ሌላ ኮምፒዩተርን ማዘዝ ይማራሉ። ኮምፒዩተር የታዘዘውን በቅደም ተከተል ይፈጽማል፤ ትእዛዙ አንድ እርምጃ ከዘለለ ሥራው ይበላሻል። ውዱእ ስናደርግ አንዱን ከሌላው እያስከተልን በተርቲብ እንደምናደርገው ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ቅደም ተከተል «አልጎሪዝም» ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከዛሬ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በባግዳድ ይሠሩ ከነበሩት ከሙስሊሙ የሒሳብ ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው።

መድረሳችንና ላቦራቶሪው

አንዳንድ ወላጆች «የመድረሳውን ዒልም ትታ የፈረንጅ ዒልም ልትማር ነው» ይላሉ። እኔ መድረሳ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም ተምሬአለሁ። ሁለቱ ሲጣሉ አላየሁም። ይህን በሦስት ነገር ላሳይ።

የመጀመሪያው ውሃ ነው። በፊቅህ ኪታቦቻችን መጀመሪያ የሚገኘው የጠሃራ ምዕራፍ ነው። ውሃ በነጃሳ መለወጡ የሚታወቀው በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው ነው ተብሎ እንማራለን። ይህን የተማረች ልጅ ከጣና ዳር ውሃ ቀድታ በማይክሮስኮፕ ብትመለከት ሌላ ነገር ታውቃለች። ቀለሙ ያልተለወጠ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ውስጥ ዓይን የማያየው በሽታ ሊኖር ይችላል። ቢልሃርዚያ በሐይቃችን ዳርቻ የሚገኝ በሽታ ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ ይገባል፤ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። እንግዲህ ለውዱእ የሚበቃ ጠሂር ውሃና ለጤና የሚስማማ ውሃ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ቆሞ እግሩን ነክሮ ውዱእ የሚያደርግ ወንድማችን ይህን ማወቅ አለበት። ቀንድ አውጣ በሌለበት ማጠራቀሚያ ሁለት ቀን የቆየ ውሃ ከዚህ በሽታ የሚሻል መሆኑንም ማወቅ አለበት። ይህን ለእናቶቻችን በቤታቸው የምትነግረው ማን ናት? ጠሃራንም ማይክሮስኮፑንም የምታውቅ ልጅ ናት።

ሁለተኛው ውርስ ነው። አንድ ሰው ሚስቱን፣ እናቱን፣ አባቱንና አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ቢሞት፣ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ፣ ልጅቱ ግማሽ፣ አባት አንድ ስድስተኛና የተረፈውን ይወስዳሉ። ይህን ለማካፈል ንብረቱን ከሃያ አራት እንከፍለዋለን፤ ለሚስት ሦስት፣ ለእናት አራት፣ ለልጅቱ አሥራ ሁለት፣ ለአባት አራትና የተረፈው አንድ፣ በድምሩ አምስት ይደርሳቸዋል። ክፍልፋይ የማያውቅ ሰው ፈራኢድን ሊያውቅ አይችልም። አል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራን ትምህርት በጻፉበት ኪታብ ውስጥ ሰፊውን ክፍል ለኑዛዜና ለውርስ ሒሳብ መስጠታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴት ልጅ ይህን ሒሳብ ብታውቅ ደግሞ ድርሻዋን ማንም አይከለክላትም። ድርሻዋን አላህ ራሱ ወስኖላት ሳለ፣ በሒሳብ አለማወቅ ምክንያት ለወንድሞቿ ትታ የምትወጣ እህት በመካከላችን እንዳለች እናውቃለን።

ሦስተኛው ቂብላ ነው። ከባሕር ዳር ቂብላችን ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነው፤ ወደ መካ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ 1,120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከካዕባ አናት በላይ በቀጥታ ትቆማለች። አንዱ በግንቦት 19 ወይም 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ገደማ ነው። ሁለተኛው በሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ገደማ ነው። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ በመሆኑ ማስላት አያስፈልገንም። በዚያች ደቂቃ በግቢያችን አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገን ብናቆም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የምትሄደው መስመር ቂብላን ታሳየናለች። ሐምሌ ደመና ነውና ላናይ እንችላለን፤ ግንቦት ግን ይመቻል። ይህን ለመሥራት ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ እንጨት፣ ክርና ሰዓት ይበቃል። የሳይንስ ሥልጠና ማለት ይህ ነው፤ በሰማይና በምድር ያለውን የአላህን ተአምር በልክና በቁጥር ማየት ነው።

እነዚህ ሦስት ነገሮች የሚያሳዩን አንድ ቁም ነገር አለ። ልጅቱ ወደ ሥልጠናው የምትሄደው ባዶ እጇን አይደለም፤ መድረሳዋን ይዛ ነው። ስትመለስም ለመድረሳዋ ይዛ የምትመጣው ነገር አላት።

ሸሪዓው ምን ይላል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሴቶች ቀርበው፣ ወንዶቹ ጊዜዎን ሁሉ ስለወሰዱብን ለእኛ ለብቻችን ቀን ይወስኑልን ብለው እንደ ጠየቁ በቡኻሪ ተዘግቧል። እርሳቸውም ቀን ቀጠሩላቸው፤ በቀኑም ተገኝተው አስተማሯቸው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። ሴቶቹ ለመማር ራሳቸው ጠየቁ፤ ነውር ነው አልተባሉም። ደግሞም ለእነርሱ የሚመች ጊዜና ቦታ ተዘጋጀላቸው። ዛሬ ለሴት ልጆች ብቻ የሚዘጋጅ ሥልጠና ሲገኝ፣ ከዚህ ሱና ጋር የሚስማማ እንጂ የሚጋጭ አይደለም።

የአሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ታሪክም ይታወቃል፤ ለእናታችን ለሐፍሷ (ረ.ዐ.) ጽሕፈት ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከሁለት ሺህ በላይ ሐዲሦች ተላልፈውልናል። በፈስ ከተማ የቀረዊዪንን መስጊድ እ.ኤ.አ. በ859 በወረሱት ገንዘብ ያሠሩት ፋጢማ አል-ፊህሪ እንደሆኑ ታሪክ ይተርካል። በአሥረኛው ምዕት ዓመት በሐለብ ከተማ ኮከብና ሰዓት የሚለካበትን አስጦርላብ የተባለ መሣሪያ ትሠራ የነበረች የአል-ዒጅሊ ልጅ እንደነበረችም ኢብን አን-ነዲም ጽፈዋል።

ይሁን እንጂ የድሮ ስም መቁጠር ብቻ ለልጆቻችን እንጀራ አይሆናቸውም። ያች የሐለብ ልጅ መሣሪያ የሠራችው አባቷ የሙያው ሰው ስለነበረና ሙያውን ለሴት ልጁ ስላልከለከለ ነው። ስሟን የምናነሳ አባቶች ሁላችን እርሱን ብንመስል ይሻላል።

የወላጆች ሥጋት

አሁን ወደ ሥጋቶቹ ልምጣ። ሥጋት ያለው ወላጅ ሊወቀስ አይገባም፤ ለልጁ የሚሠጋ ልጁን የሚወድ ነው።

የመጀመሪያው ሥጋት ወንድና ሴት መቀላቀልና ማደሪያ ነው። በዚህ ላይ ነገሩን እንለይ። በከተማዋ ውስጥ ጠዋት ሄዳ ከሰዓት በኋላ የምትመለስ ልጅ መንገደኛ አትባልም። ሌላ ከተማ ሄዶ ማደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መሕረምን፣ የማደሪያውን ሁኔታና ጠባቂውን መጠየቅ የወላጅ ግዴታ ነው። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ሁሉንም ሐራም ማለት ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ቁርኣን በመድየን ውሃ ዳር ቆመው ስለነበሩት ሁለት እህቶች ይተርክልናል። አባታቸው ሽማግሌ በመሆናቸው መንጋቸውን ሊያጠጡ ወጡ፤ ከእረኞቹ ግፊያም ተለይተው ቆሙ። ጉዳያቸውም አልቀረም፣ ሐያእ አቸውም አልጎደለም። ከሁለቱ አንዷ ደግሞ ሙሳን (ዐ.ሰ.) ለሥራ እንዲቀጥሩ አባቷን መከረች፤ አባቷም ምክሯን ሰሙ።

አንድ ጊዜ አንድ ወንድማችን ልጁ ለሥልጠና ተመርጣበት ወደ እኔ መጣ። «ሼኽ፣ አይፈቀድም በሉኝና ልረፍ» አለኝ። ክረምቱን የት ልታውላት አስበሃል? አልሁት። «ከሱቅ» አለኝ። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ከጠዋት እስከ መግሪብ ብቻዋን ተቀምጣ ከማያውቃት መንገደኛ ሁሉ ጋር ስትነጋገር ልትውል ነው። ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «ሴት አስተማሪ ይኖራሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለአሠልጣኞቹ የሚቀርብ ጥያቄ በመሆኑም ራሱ ሄዶ ጠየቀ፤ ክፍሉን አየ፤ የሰላት ቦታም ጠየቀ። ልጅቱ ሄደች፤ አባቷም ጠዋት ጠዋት እየሸኘ፣ ሲያልቅ እየጠበቀ መለሳት። ፊትናን መፍራት እንዲህ ነው፤ ሄዶ ማየት፣ መጠየቅ፣ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት የክረምቱ መድረሳ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ክረምት ልጆቻችን ቁርኣን የሚያከትሙበት ዋና ጊዜ ነው፤ እኔም በምንም ነገር አልለውጠውም። ግን ሁለቱ የሚጋጩት በሰዓት እንጂ በነገር አይደለም። ሰዓት ደግሞ በእጃችን ነው። ሥልጠናው ጠዋት ከሆነ የሴቶቹን ቂርኣት ከዐስር በኋላ፣ ሥልጠናው ከሰዓት ከሆነ ከፈጅር በኋላ ማድረግ እንችላለን። ለሠርግና ለንግድ ሰዓት የምናመቻች ሰዎች ለዚህ አያቅተንም።

ሦስተኛው «ሳይንስ ኢማኗን ያጠፋዋል» የሚለው ነው። ቁርኣን ዝናቡን፣ ንቡን፣ ግመሉን፣ የሌሊትና የቀን መፈራረቅን እንድንመለከት ደጋግሞ ይጠራናል። የተመለከተ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ልጅቱ ከሥልጠና ተመልሳ አስቸጋሪ ጥያቄ ብታነሳ፣ ኡስታዟ ሊቆጣት አይገባም፤ የሚያውቀውን ይመልስላት፣ የማያውቀውን ከሚያውቅ ጋር ይጠይቅላት። ጥያቄዋን በመድረሳ የከለከልናት ልጅ ጥያቄውን አትተወውም፤ ወደ ሌላ ቦታ ይዛው ትሄዳለች።

አራተኛው «ምን ልታገኝበት ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት እዚሁ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። በልጅነታቸው አንበጣ የገበሬውን ሰብል ሲያጠፋ አይተው የእርሻን ሳይንስ ለመማር ተነሡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ በአሜሪካም ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ የዕፅዋትን በሽታ የሚያጠኑ ሊቅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል። የእኛ እምነት ተከታይ አይደሉም፤ ግን የጠጡት የዚሁ አገር ውሃ ነው፤ ያዩት አንበጣም የእኛን ማሳ የበላው ነው።

ወጣቶችም አሉ። ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ገና በዘጠኝ ዓመቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ኮምፒዩተር ጀምራ፣ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ለሌሎች ልጃገረዶች የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያስተምር ሥራ መርታለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የአፍሪካ ኅብረት ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ባዘጋጀው ካምፕ፣ ከሠላሳ በላይ ከሆኑ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ከሰማንያ በላይ ልጃገረዶች ለአሥር ቀን ያህል ሠልጥነዋል። እነዚያ ዕድሜያቸው ከልጆቻችን ከፍ ያለ ነበር። የእኛ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ግን ዛሬ ካልጀመረች በዚያ ዕድሜ ከእነርሱ ጋር ልትቀመጥ አትችልም።

ሐይቁም ይጠይቀናል

ጣና የማን ነው? ሁላችንም የእኛ ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው እንቦጭ ታየ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሸፈነ፤ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ ዘጋ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው። መንቀሉ ትልቅ ነገር ነበር። ግን አረሙ ለምን ይህን ያህል ይራባል? ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ ምን ያህል ይመግበዋል? የተነቀለው ለባዮጋዝ ወይም ለብስባሽ ይውላል ወይ? ይህ በጉልበት ብቻ የሚመለስ አይደለም። ስለ ውሃ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ውሃ ቀጅዋም አብሳይዋም ሴት በሆነችበት አገር ሴቶቹን ከዚህ ዕውቀት ማግለል አላዋቂነት ነው።

በዚሁ ላይ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን ላስታውስ። ከደንገል ታንኳ ሠርተው በሐይቁ ላይ የኖሩ፣ ራሳቸውን በእስልምና የሚገልጹ፣ ለረጅም ዘመን የተናቁ ወገኖች ናቸው። ደንገል ታስሮ ሰውና ጭነት ተሸክሞ እንዴት እንደሚንሳፈፍ በመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ያውቃሉ። የእነርሱ ሴት ልጆች ከእኛም ልጆች ይበልጥ ከትምህርት የራቁ ናቸው። የእኛን ልጆች ብቻ መዝግበን እነርሱን ከረሳን ስለ ወንድማማችነት የምንናገረው ከንቱ ይሆናል።

ምን እናድርግ?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። መንገድ አስጊ በሆነበት ጊዜ ልጅን ሩቅ ላክ የሚል ሰው አይኖርም። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ከትምህርት የራቀች ሴት ልጅ ስትመለስ አናይም፤ ወንዱ ይመለሳል፣ እርሷ ግን ቤት ትቀራለች። ስለዚህ ሰላም ባለበት ሰፈርና ሰዓት የሚገኘውን ዕድል ልናባክነው አይገባም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ኮሚቴያችን ምዝገባው ሳይጀመር በግንቦት ወር ወደ አሠልጣኞቹ ሰው ይላክ። ሴት አሠልጣኝ መኖሯን፣ የሰላት ሰዓትና ቦታ መኖሩን፣ ሒጃብ የማይከለከል መሆኑን፣ ምግብ ካለ ሐላል መሆኑን ይጠይቅ። በጨዋ ቋንቋ የተጠየቀ ሰው በጨዋ ቋንቋ ይመልሳል። ሳንጠይቅ ቀርተን አልተመቻቸልንም ብንል ግን አይሆንልንም።

ሁለተኛ፣ በዩኒቨርሲቲው ከሚማሩ እህቶቻችን አንዲቱ ወይም ሁለቱ ልጆቹን ይዘው እንዲሄዱና እንዲመለሱ እናድርግ። ለትንንሾቹም ምሳሌ ይሆኗቸዋል።

ሦስተኛ፣ የሴቶቹ የመድረሳ ሰዓት በሥልጠናው ሳምንታት ይስተካከል፤ ኡስታዞቻችንም ይህን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ሥራቸው ይቁጠሩት።

አራተኛ፣ የታክሲና የደብተር ገንዘብ ለሌላት ልጅ ከሰደቃው ይመደብ። የቲም የሆነችና የነገደ ወይጦ ልጅ ትቅደም።

አምስተኛ፣ የሠለጠነች ልጅ ዘካዋን ታውጣ። የዕውቀት ዘካው ማስተማር ነው። ክረምቱ ሲያልቅ በሴቶቹ የሰላት ክፍል እናቶችንና ትንንሽ ልጆችን ሰብስባ ያየችውን ታሳይ፤ ስለ ውሃው ትንገር፤ መብራቷን ታብራ።

ስድስተኛ፣ ይህ ለወንድሞቿ ነው። እርሷ ሥልጠና ስትሄድ የቀረውን የቤት ሥራ ማን ይሠራዋል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። እንግዲያው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዕቃ ቢያጥብና ውሃ ቢቀዳ ከክብሩ የሚጎድል ነገር የለም።

እናንተም ልጆቼ፣ ይህን መጽሔት የምታነቡ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች፤ ወላጆቻችሁ ቢሠጉ አትቆጡ። ሄዳችሁ የምታሳዩት ምግባር ከእናንተ በኋላ ለሚመጡት በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ሰላታችሁን በጊዜው ስገዱ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ዕቃ ተበላሸብኝ ብላችሁ አትፍሩ፣ ዳግመኛ ሥሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች ይክፈትልን። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ፣ ለዲናቸውም ለወገናቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። ስለ አማናው በሚጠይቀን ቀን ያማረ መልስ ይስጠን። አሚን።